ዴስክቶፑ ሳይመጣ ሲቀር፦ ከ«ፎርማት» በፊት የሚደረግ ምርመራ

ኮምፒውተሩ ተከፍቶ የአምራቹ ዓርማ ከታየ በኋላ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሲቀር፣ የማውዙ ቀስት ብቻ ሲንቀሳቀስ፣ የለመድናቸው አይከኖች ሳይመጡ ሲቀሩ በብዙ ቤት የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። ፎርማት ማድረግ ማለት የዲስኩን የፋይል መዝገብ ጠርጎ ስርዓተ ክወናውን፣ ማለትም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን፣ እንደ አዲስ መጫን ነው። ከዚህ በኋላ ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል። ነገር ግን የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የተማሪዎች ውጤት የተሞላበት ሠንጠረዥና የቤተሰቡ ፎቶግራፎች ከአሮጌው መዝገብ ጋር አብረው ይሄዳሉ።

በጋሞ ዞን በካምባ የሚኖር አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህ ደረሰበት እንበል። የቤቱ ኮምፒውተር አንድ ነው፤ መምህር የሆኑት አባቱም፣ ታናሽ እኅቱም፣ እሱም የሚሠሩት በእሱው ነው። ኮምፒውተሩን ለጥገና ወደ አርባ ምንጭ መላክ የመኪና ወጪና የበርካታ ቀናት መጠበቅ አለው። ከዚህም በላይ የተላከው ኮምፒውተር ባለቤቱ በሌለበት ስለሚከፈት፣ ጠጋኙ በውስጡ ያለው ሰነድ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አያውቅም። የሚጠየቀው ማሽኑን እንዲያስነሳ ነው፤ ፎርማት ደግሞ ለዚህ ፈጣኑ መንገድ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ነገር ቀላል ነው። ዴስክቶፑ አለመምጣቱ ብቻውን ፋይሎቹ መጥፋታቸውን አያመለክትም። ኮምፒውተሩ ከማብሪያው እስከ ዴስክቶፑ የሚጓዝበትን ቅደም ተከተል ያወቀ ሰው፣ በቤተ ሙከራ እንደምናደርገው፣ ጉዞው የት ላይ እንደተቋረጠ በራሱ ሊለይ ይችላል። ይህን ከለየ በኋላ ጥገናውን ራሱ ቢሠራውም ለባለሙያ ቢሰጠውም ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

ከማብሪያው እስከ ዴስክቶፑ

የኮምፒውተርን አነሳስ ከዱላ ቅብብል ሩጫ ጋር ብናመሳስለው አምስት ሯጮች እናገኛለን።

የመጀመሪያው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ቮልቴጆቹ መርጋታቸውን ካረጋገጠ በኋላ ለማዘርቦርዱ «ዝግጁ ነኝ» የሚል ምልክት ይልካል።

ሁለተኛው በማዘርቦርዱ ላይ ባለ ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠው ፕሮግራም ነው፤ በቆዩት ኮምፒውተሮች ባዮስ፣ በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ራሙን፣ የስክሪን ካርዱን፣ ኪቦርዱንና ዲስኮቹን ይፈትሻል። የአምራቹ ዓርማ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ስርዓተ ክወናውን የሚያስነሳው አጭር ፕሮግራም ነው። በዲስኩ ላይ ተፈልጎ ይገኝና ሥራውን ይረከባል። አራተኛው የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ ከርነል የሚባለው ነው። እሱም ድራይቨር የሚባሉትን፣ እያንዳንዱን ዕቃ የሚያናግሩ ፕሮግራሞች፣ አብሮ ያስነሳል። በዊንዶውስ የሚሽከረከሩት ነጠብጣቦች የሚታዩት በዚህ ደረጃ ነው።

አምስተኛው የተጠቃሚው መግቢያ ነው። የይለፍ ቃሉ ከተቀበለ በኋላ የተጠቃሚው መዝገብ ይነበባል፤ በመጨረሻም ኤክስፕሎረር የተባለው ፕሮግራም ተነስቶ አይከኖቹን፣ ከታች ያለውን ሰረገላና የጀምር ቁልፉን በስክሪኑ ላይ ያሳያል። እንግዲህ ዴስክቶፕ የምንለው ራሱ የአንድ ፕሮግራም ሥራ ውጤት ነው። ያ ፕሮግራም ሳይነሳ ቢቀር ስክሪኑ ባዶ ይሆናል፤ ፋይሎቹ ግን በዲስኩ ላይ በቦታቸው ሊኖሩ ይችላሉ።

ዱላው የወደቀበትን ቦታ መፈለግ

የፊዚክስ ተማሪ የኤሌክትሪክ ወረዳ አልሠራ ሲለው ሽቦውን ሁሉ አንድ በአንድ አይፈታም፤ መሐል ላይ ይለካል። መሐሉ ቮልቴጅ ካለው የመጀመሪያው ግማሽ ደኅና ነው። እዚህም የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲሁ ነው፤ የአምራቹ ዓርማ ታየ ወይስ አልታየም?

ዓርማው ካልታየ ችግሩ ያለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሯጮች ላይ ነው፤ ይህ ሲሆን ዊንዶውስን እንደገና መጫን ምንም አይፈይድም። ማራገቢያው የማይዞር ከሆነ ሶኬቱን፣ ገመዱንና ፓወር ሰፕላዩን እንመረምራለን። ማራገቢያው እየዞረ ኮምፒውተሩ ተደጋጋሚ የጩኸት ምልክት ካሰማ ራሙ ከማስገቢያው ላይ በደንብ አለመግጠሙ አንዱ የተለመደ ምክንያት ነው። የዚህ ፊዚክሱ የመገናኛ ሬዚስታንስ ነው፤ በብረቱ ላይ የተጋገረ አቧራና ዝገት ምልክቱን ያዳክማል። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅሎ፣ በእጅ ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የሳጥኑን ብረት ነክቶ፣ ራሙን አውጥቶ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርጎ መጥረግና መልሶ መግጠም ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ክረምቱን ሙሉ ተነቅሎ የከረመ አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደኋላ ተመልሶ ሊገኝ ይችላል። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው 3 ቮልት ክብ ባትሪ ስታልቅ ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ የሚናገረው መመሪያም ሊጠፋ ይችላል። ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ «የሚነሳበት ዲስክ አልተገኘም» የሚል መልእክት የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መድኃኒቱ ሲአር 2032 የምትባለውን ባትሪ መለወጥና መመሪያውን ማስተካከል ነው።

ዓርማው ታይቶ ነጠብጣቦቹ እየተሽከረከሩ ከቀሩ ጥርጣሬው ወደ ሦስተኛውና አራተኛው ይሄዳል። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሳለ የትልልቅ ፊደል ቁልፉን፣ ካፕስ ሎክን፣ መጫን ጠቃሚ ሙከራ ነው። የቁልፉ መብራት ከበራና ከጠፋ ኮምፒውተሩ አልሞተም፤ ችግሩ በስክሪን ካርዱ ድራይቨር ወይም በስክሪኑ በኩል ሊሆን ይችላል። የይለፍ ቃል ተቀብሎ ከዚያ በኋላ ባዶ ከሆነ ግን አራቱ ሯጮች ሥራቸውን ጨርሰዋል፤ የቀረው አምስተኛው ነው።

ኮምፒውተሩ በትክክል ተነስቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በድንገት የሚጠፋ ከሆነ ሙቀትን መጠርጠር ይገባል። የጋሞ ምድር ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ዳርቻ ሞቃት ቆላ ተነስቶ ከ4,000 ሜትር በላይ እስከሚደርሰው የጉጌ ተራራ ይዘልቃል። በቆላው አየሩ ራሱ ይሞቃል። በደጋው ደግሞ አየሩ ቢቀዘቅዝም ይሳሳል፤ በ2,500 ሜትር ከፍታ እፍጋቱ በባሕር ወለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ ማራገቢያው በእያንዳንዱ ዙር የሚጠርገው ሙቀት ይቀንሳል። በሁለቱም ቦታ በማራገቢያው ላይ የተጋገረው አቧራ ችግሩን ያብሰዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የቤተ ሙከራ ሁለት ሕጎች መጠበቅ አለባቸው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና የተደረገውንም የታየውንም በደብተር መጻፍ። ራሙንም ዲስኩንም ገመዱንም በአንድ ጊዜ የለዋወጠ ሰው ኮምፒውተሩ ቢነሳለት እንኳ ለምን እንደተነሳ አያውቅም።

መብራት ሲቋረጥ በዲስኩ ላይ ምን ይሆናል?

መብራት ድንገት በሚጠፋበት ስፍራ ዴስክቶፕ ላለመምጣቱ ትልቁ ምክንያት በመጻፍ ላይ እያለ የተቋረጠ ዲስክ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ጥቂት ኢነርጂ ያጠራቅማል። ለምሳሌ 330 ማይክሮ ፋራድ አቅም ያለውን እንውሰድ። የ220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ከፍተኛ ጫፍ 311 ቮልት ገደማ ስለሆነ ካፓሲተሩ እስከዚያ ይሞላል። አቅሙን በቮልቴጁ ካሬ አባዝተን ለሁለት ብናካፍል 16 ጁል ያህል እናገኛለን። 150 ዋት የሚወስድ ኮምፒውተር ይህን ሁሉ አሟጦ ቢጠቀም እንኳ 0.11 ሰከንድ አይሞላም፤ በተግባር ደግሞ የሚጠቀመው ከፊሉን ብቻ ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ በ0.1 ሰከንድ 12 ዙር ብቻ ይዞራል። ሥራን አጠናቆ ለመዝጋት ይህ ጊዜ በቂ አይደለም።

የሃርድ ዲስክ ሠሪዎች ለዚህች ቅጽበት ያዘጋጁት መላ ለፊዚክስ ተማሪ የሚያስደስት ነው። የዲስኩ አንባቢ ራስ በሚዞረው ገበታ ላይ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ገበታው በራሱ ኢነርሻ መዞሩን ይቀጥላል፤ አዟሪው ሞተርም በፋራዴይ ሕግ መሠረት ለአጭር ጊዜ ጄኔሬተር ይሆናል። ከእሱ በሚመነጨው ኤሌክትሪክ ራሱ ወደ ማረፊያው ይመለሳል። በዚህ ዘዴ ብረቱ ይድናል፤ ጽሑፉ ግን ሳይጠናቀቅ ሊቀር ይችላል። በራም ላይ የነበረውማ ወዲያው ይጠፋል።

አንድን ፋይል ማስቀመጥ ነጠላ ድርጊት አይደለም። ይዘቱ ይጻፋል፣ ስሙ በመዝገብ ይገባል፣ የያዘው ቦታ «ተይዟል» ተብሎ ይመዘገባል። ይህ በቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን በመደርደሪያ አስቀምጦ ካርዱን ሳይጽፉ እንደመሄድ ያለ ስሕተት እንዳያስከትል፣ ዊንዶውስ የሚጠቀምበት የፋይል ሥርዓት ሊሠራ ያሰበውን አስቀድሞ በማስታወሻ ይይዛል። መብራት ሲመለስ ማስታወሻውን አንብቦ የተጓደለውን ያስተካክላል። ከመብራት መቋረጥ በኋላ «ዲስኩ እየተፈተሸ ነው» የሚለው ጽሑፍ ሲመጣ በትዕግሥት መጠበቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጥገናውን በመሐሉ ማቋረጥ ሁለተኛ ጉዳት ይጨምራል።

ቀስቱ አለ፣ ዴስክቶፑ የለም

የማውዙ ቀስት በባዶው ስክሪን ላይ ከተንቀሳቀሰ የመጀመሪያው ሙከራ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ሦስት ቁልፎች በአንድነት መጫን ነው። ታስክ ማናጀር ከመጣ በውስጡ አዲስ ሥራ ማስጀመሪያውን መርጦ የኤክስፕሎረርን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ይቻላል። በዚህ ጊዜ ዴስክቶፑ ብቅ ካለ፣ ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው የሚያስነሳው ትእዛዝ ነው ማለት ነው።

ትእዛዙ የሚጎድልበት አንዱ ምክንያት ቫይረስ ነው። በፍላሽ ዲስክ ከሚተላለፉት ቫይረሶች አንዳንዶቹ ዴስክቶፑን የሚያስነሳውን ትእዛዝ ለውጠው የራሳቸውን ስም ያስገባሉ። ጸረ ቫይረሱ ቫይረሱን ሲያጠፋ ትእዛዙን ካላስተካከለ ኮምፒውተሩ በሌለ ፕሮግራም ላይ ይጠባበቃል። ስለዚህ ዴስክቶፑ የጠፋው ቫይረሱ ከተገደለ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ይህንም የማያውቅ ሰው ጸረ ቫይረሱን ይከሳል።

ሌላው በጣም አደገኛው ምልክት ደግሞ ዴስክቶፑ መጥቶ ነገር ግን እንደ አዲስ ኮምፒውተር ባዶ ሆኖ መገኘቱ ነው። ዊንዶውስ የተጠቃሚውን መዝገብ ማንበብ ሲያቅተው ጊዜያዊ መዝገብ ያዘጋጃል። ባለቤቱ «ሁሉም ጠፋ» ብሎ ይደነግጣል፤ ሆኖም ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ በሲ ዲስክ ላይ በተጠቃሚዎች ፎልደር ውስጥ በስሙ አሉ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በጊዜያዊው ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠ አዲስ ሥራ ተጠቃሚው ሲወጣ እንደሚሰረዝ ነው። በዚያ ላይ የተጻፈ ነገር ካለ ከመውጣት በፊት ወደ ፍላሽ መገልበጥ ያስፈልጋል።

ከስምንተኛው ዊንዶውስ ወዲህ ደግሞ «መዝጋት» እና «እንደገና ማስነሳት» አንድ አይደሉም። ፈጣን አነሳስ የተባለው ዘዴ ሲበራ ኮምፒውተሩ የከርነሉን ሁኔታ በዲስክ ላይ አስቀምጦ ይዘጋል፤ በማግስቱም የትናንቱን ይዞ ይነሳል። የትናንቱ ከተበላሸ አሥር ጊዜ ዘግቶ መክፈት ላይጠቅም ይችላል። እንደገና ማስነሳት የሚለውን መምረጥ ግን ሁሉንም ከመጀመሪያው ያስጀምራል።

እነዚህ ካልሠሩ ሴፍ ሞድ ይቀራል። በሴፍ ሞድ ዊንዶውስ የሚነሳው እጅግ አስፈላጊ በሆኑት ድራይቨሮች ብቻ ነው። በዊንዶውስ 7 እና ከዚያ በፊት ባሉት ሲነሳ ኤፍ 8ን መጫን ይበቃ ነበር፤ በዊንዶውስ 10 እና 11 ሺፍትን ይዞ እንደገና ማስነሳትን መምረጥ ያስፈልጋል። መነሳት ደጋግሞ ከከሸፈም ዊንዶውስ የጥገናውን ገጽ በራሱ ያቀርባል። በሴፍ ሞድ ዴስክቶፑ ከመጣ ሃርድዌሩ በአመዛኙ ደኅና ነው፤ ጥፋተኛው በቅርቡ የተጫነ ድራይቨር ወይም ፕሮግራም የመሆኑ ዕድል ከፍ ይላል።

የአንድ ፋይል ጥፋት

የዚህ ዘዴ ትልቁ ማስረጃ ዓርብ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ታየ። ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ለደንበኞቹ የላከው አንድ ማሻሻያ ስሕተት ነበረበት። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን እያሳዩ መነሳት ተሳናቸው። አውሮፕላን ማረፊያዎች፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ሥራቸው ተስተጓጎለ።

ምክንያቱ ሲመረመር ፕሮግራሙ 20 ግብዓት ብቻ ቀርቦለት ሳለ 21ኛውን ለማንበብ መሞከሩ ታወቀ። ፕሮግራሙ የሚሠራው በከርነሉ ደረጃ ስለነበር የእሱ መውደቅ መላውን ስርዓት ይዞ ወደቀ። መፍትሔው ግን ፎርማት አልነበረም። ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ ወይም በጥገናው ገጽ በኩል አስነስቶ የተበላሸውን ፋይል ብቻ ማጥፋት ነበር። በብዙ ቦታ ይህ የተደረገው በየኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፣ በእጅ ነው። ዱላው አራተኛው ሯጭ ላይ እንደወደቀ የታወቀላቸው ኮምፒውተሮች ሰነዳቸው ሳይነካ ተመልሰዋል።

ፋይሎቹ ይቅደሙ

ምርመራው ሁሉ ካልተሳካና ፎርማት ግድ ከሆነ፣ አስቀድሞ ፋይሎቹን ማውጣት ይቻላል። አንደኛው መንገድ እንደ ኡቡንቱ ያለ ነጻ ስርዓተ ክወና በሌላ ኮምፒውተር ላይ በፍላሽ ዲስክ አዘጋጅቶ፣ የታመመውን ኮምፒውተር ከፍላሹ ማስነሳት ነው። ሲነሳ ሳይጫን መሞከርን እንጂ መጫንን አለመምረጥ ያስፈልጋል። ከዚያም የውስጡን ዲስክ ከፍቶ ፎልደሮቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቻላል። ሁለተኛው ዲስኩን ፈትቶ በውጭ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማያያዝ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። ዲስኩ በየጊዜው የ«ጠቅ ጠቅ» ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ በሜካኒካዊ ሁኔታ እየተጎዳ ነው፤ የዲስክ መፈተሻ ፕሮግራምን በእሱ ላይ ማስኬድ ጉዳቱን ሊያባብስ ስለሚችል ማጥፋትና ለባለሙያ ማሳየት ይሻላል። በሌላ በኩል በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስኩ በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ የማይክሮሶፍት መለያ ጋር ተቀምጦ ስለሚገኝ የመለያውን ስምና የይለፍ ቃል ሳይዙ ዲስኩን መፍታት አይጠቅምም።

ኮምፒውተሩን ወደ አርባ ምንጭ መላክ ግድ ቢሆን እንኳ በላዩ ላይ ወረቀት መለጠፍ ይጠቅማል። ችግሩ ከየትኛው ደረጃ በኋላ እንደተፈጠረ፣ ምን ምን እንደተሞከረ፣ የትኞቹ ፎልደሮች መዳን እንዳለባቸው፣ በመጨረሻም «ሳልጠየቅ ፎርማት አይደረግ» የሚለውን መጻፍ። ደኅና ጠጋኝ ይህን ወረቀት ሲያገኝ ሥራው ይቀልለታል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። ላፕቶፕ ባትሪው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ የመብራት መቋረጥን ይችላል፤ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ግን ዩፒኤስ ያስፈልገዋል፤ አምስት ደቂቃ የሚያቆይ ትንሽ ዩፒኤስ እንኳ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት ይበቃል። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ከተመለሰ በኋላም ቮልቴጁ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ወጪ የለውም። በሲ ዲስክ ላይ ምንጊዜም ባዶ ቦታ ማስተረፍ ይገባል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ በእሱ የሚሠሩ ሰዎች ከማይታወቅ ፍላሽ ይበልጥ ሊጠነቀቁ ይገባል። የመመረቂያ ጽሑፍን የመሰለ ሰነድ ደግሞ በኮምፒውተሩ፣ በፍላሽና ከቤት ውጭ ባለ ሦስተኛ ስፍራ፣ ለምሳሌ በኢሜይል ሳጥን ውስጥ፣ መቀመጥ አለበት።

ወጣት አንባብያን ይህን ሙከራ ኮምፒውተራቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ እንዲጀምሩት እንመክራለን። ዛሬ ማታ ሲያስነሱት ሰዓት ይዘው ከማብሪያው እስከ ዓርማው፣ ከዓርማው እስከ ነጠብጣቦቹ፣ ከነጠብጣቦቹ እስከ ዴስክቶፑ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይመዝግቡ። ከወር በኋላ ደግመው ይለኩ። ከደረጃዎቹ አንዱ ብቻ በጉልህ የረዘመ እንደሆነ ሕመሙ የትኛው ሯጭ ላይ እየጀመረ እንደሆነ ቁጥሩ ቀድሞ ይነግራቸዋል፤ ፋይሎቻቸውን ለመገልበጥም ጊዜ ያገኛሉ።